ከባዶ የሚሠራ የአውሮፕላን ሞዴል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች ከባሕር ዳር

ቤቴ ሽምብጥ ነው። መስኮቱ ሥር ካለው ጠረጴዛ ላይ ክንፍ ወይ ግማሽ ሞተር አይጠፋም። ቤት የመጣ ሁሉ ቡናው እስኪፈላ አንዱን አንስቶ ያገላብጣል። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። ጥያቄዎቹ ስለሚመሳሰሉ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ። «ይበራል?» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ አይበርም።

በሳጥን የሚመጣውን ተገጣጣሚ ኪት ሳይገዙ መጀመር ይቻላል?

ይቻላል። እኔም የጀመርኩት ኪት አጥቼ ነው። እዚህ ከተማ ኪት የሚሸጥ ሱቅ እስካሁን አላጋጠመኝም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ያለው ማስላክ ይችላል፤ ግን ዘመድ ሻንጣው ውስጥ ጫማና መድኃኒት ይከታል እንጂ ለፕላስቲክ አውሮፕላን ቦታ የለውም።

ደግሞ በሳጥን የማይገኙም አሉ። ፀሐይን አስቡ። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ተሠርታ በልዕልት ፀሐይ ስም የተጠራችው፣ ጣሊያን ወስዳ አቆይታ ጥር 2016 የመለሰቻት አውሮፕላን። እሷን በኪት መልክ አይቼ አላውቅም። የሚፈልጋት ሰው ከፎቶና ከእንጨት ነው የሚነሳው።

የትኛውን አውሮፕላን ልምረጥ?

በዓይናችሁ የምታዩትን። ለባሕር ዳር ሰው ያ ማለት ኪው400 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ያስገባው፣ ክንፉ ከላይ የሆነው፣ ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ። በቤቴ ላይ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቼ ቀና እላለሁ። ጎማው የሚወጣበትን ክዳን፣ ጭስ የያዘውን ቦታ፣ ጅራቱ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን አግድም ክንፍ ከፎቶ በተሻለ ከሰማይ ነው ያጠናሁት።

ታሪክ የሚወድ ደግሞ የድሮውን ባለ ሁለት ሞተር ሲ-47 ይሥራ። አየር መንገዱ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ነው። ያልተቀባ አሉሚኒየሙን መምሰል ፈተና ነው፤ ወደታች እመጣበታለሁ።

አንዳንድ ሰው መስከረም 1981 ላይ ከዚህ ተነስቶ ርግቦች ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ የገቡበትን ቦይንግ 737 እንድሠራ ይጠይቀኛል። 35 ሰው ያለቀበት ነው። በከተማው የሚያስታውሱት ብዙ ናቸው። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ አላስቀምጠውም። ሌላ ሰው ቢሠራው አልፈርድም።

ልኬቱ እንዴት ይሰላል?

ሒሳቡ የአንደኛ ደረጃ ነው። ኪው400 ርዝመቱ 32.83 ሜትር፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 28.42 ሜትር ነው። ለ1፡72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ ለሚያንስ ሞዴል፣ በ72 አካፍሉ፦ 45.6 ሴንቲ ሜትር በ39.5። ለ1፡144 ደግሞ 22.8 በ19.7። ይኼኛው ሙሉውን ኤፎር ወረቀት ላይ ስለሚገባ ለጀማሪ እመክራለሁ።

የአውሮፕላኑን ሥዕል በዚህ ልክ ፎቶ ኮፒ ቤት ስታሳትሙ ግን ተጠንቀቁ። ማሽኑ «ገጹን አስተካክላለሁ» ብሎ ትንሽ ያሳንሰዋል። 4 ከመቶ ቢያሳንስ ሞዴላችሁ 9 ሚሊ ሜትር ያጥራል። በእውነተኛው አውሮፕላን ሲታሰብ 1 ሜትር ከ30 ገደማ ማለት ነው፤ ሁለት ረድፍ መንገደኛ ሜዳ ላይ ቀረ። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሥዕሉ ጥግ ላይ ልክ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር አስምሩ፤ ከታተመ በኋላ በማስመሪያ ለኩት።

ርዝመቱን ሁሉም ሰው ያሰላል። ውፍረቱን ግን ማንም አያሰላም። እኔ ሞዴል ሳይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። 1 ሚሊ ሜትር የሆነ የክንፍ ጠርዝ በ1፡72 ሲባዛ 7.2 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ የአራት ጣት ስፋት በሉት። እውነተኛው ክንፍ የኋላ ጠርዙ እንደ ቢላ ቀጭን ነው። መቶ ጥቃቅን ነገር ለጥፋችሁ ጠርዙ እንደ ዳቦ ከወፈረ አሻንጉሊት ነው የሚመስለው። ምንም ሳትለጥፉ ጠርዙን ብቻ ብታሳሱት ግን ዓይን ይታለላል። ስለዚህ ልማዴ ይህ ነው፦ አንድ ነገር ከመለጠፌ በፊት ውፍረቱን በ72 አባዝቼ በእጄ አሳያለሁ። «እውነት ይሄን ያህል ይወፍራል?» መልሱ አይደለም ከሆነ ወደ ብርጭቆ ወረቀት እመለሳለሁ።

ቁሳቁሱን ከየት ታመጣለህ?

ለአካሉ ዋንዛ። ለመቅረጽ እሺ ይላል፣ የአናጢ ቤት ቁርጥራጩም በነጻ ይገኛል። ለስላሳው ባልሳ የሚሉትን እንጨት አትጠብቁ። አንድ ወዳጄ የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፍበትን 20 ሚሊ ኮንዲት ለ1፡144 ኪው400 አካል ተጠቀመበት። ሐሳቡ ብልጥ ነበር። ግን የአውሮፕላኑ ወርድ 2.69 ሜትር ስለሆነ የሚያስፈልገው 18.7 ሚሊ ነው። አሁን ሞዴሉ ትንሽ የጠገበ ይመስላል።

ለቀጭን ነገር ሲም ካርዱ የሚገነጠልበት ትልቁ ካርድ ወርቅ ነው፤ ውፍረቱ 0.76 ሚሊ ሜትር ነው። ማስታወቂያ የሚሠሩ ቤቶች የሚጥሉት ነጭ የፕላስቲክ ሰሌዳ ለወለልና ለግድግዳ ይሆናል። ለጥንካሬ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ። ለቱቦ የሕክምና መርፌ፤ አዲስና ያልተነካ ከፋርማሲ ግዙ፣ የተጣለ አታንሱ። ለመሙያ የጋራዥ ስቱኮ። ፈጥኖ እንዲደርቅ ስፈልግ ሱፐር ግሉ ላይ የዳቦ ሶዳ እበትንበታለሁ፤ ወዲያው ድንጋይ ይሆናል።

ደንገልም ሞክሬያለሁ። ታንኳ የሚሠራበት፣ ቀላል፣ ሐይቁ ዳር የሞላ፤ ለምን አልሞክርም ብዬ። ውስጡን ለክንፍ መሙያ አደረግኩት። ሲደርቅ ተሸበሸበ፣ ክረምት ሲገባ አበጠ፤ ክንፉ መሃል ላይ ተሰነጠቀ። ደንገል ለታንኳ ነው የተፈጠረው።

የኮክፒቱ መስታወት ከምን ይሠራል?

ከሃይላንድ። የውሃ ላስቲኩን ማለቴ ነው፣ የየትኛውም ድርጅት ይሁን።

በመጀመሪያ የአፍንጫውን ቅርጽ ከዋንዛ ቀርጹ። ከሚፈለገው ልክ ትንሽ ይነስ፤ ፕላስቲኩ በላዩ ስለሚደረብ። በ400 ከዚያ በ1000 ብርጭቆ ወረቀት እሹት። እንጨቱ ላይ የቀረች ጭረት ሁሉ መስታወቱ ላይ ትታያለች። ቀጥሎ ጠርሙሱን መሃሉ ላይ ቆርጣችሁ ቅርጹን ወደ ውስጥ አስገቡ። ክፍተቱን በሌላ እንጨት ሰንጉት። ከዚያ ከከሰል ምድጃ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አዙሩት። ፕላስቲኩ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ ድንገት ተኮማትሮ እንጨቱን እንደ ቆዳ ይለብሳል። ያቺን ቅጽበት ማየት ብቻውን ደስ ይላል። ወዲያው ከእሳት አንሱት። ከቆየ ወተት ይመስልና አይመለስም።

ሲበርድ በአዲስ ምላጭ ዙሪያውን ቆርጣችሁ አውጡ። የመጀመሪያው ይበላሻል። ሁለተኛውም። ጠርሙሱ እንደሆነ ርካሽ ነው።

ስትለጥፉት ሱፐር ግሉ ከቶ አይነካው። ተኑ መስታወቱን ነጭ ጉም ያለብሰዋል። ተራ ነጭ ኮላ በቂ ነው፤ የፈሰሰውም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ለመንገደኞቹ ትናንሽ መስኮቶች ደግሞ ፕላስቲክም አያስፈልግ። ኮላውን በስፒል ጫፍ ቀዳዳው ዙሪያ አስነክታችሁ ወደ መሃል ጎትቱት። እንደ ሳሙና አረፋ ይወጠራል፤ ነገ ጠዋት ደርቆ ጥርት ብሎ ታገኙታላችሁ።

ፕሮፔለሩስ?

እዚህ ላይ ትዕግሥት ይፈተናል። የኪው400 ፕሮፔለር ስድስት ምላስ አለው፤ ሁለቱ ሲደመሩ አሥራ ሁለት። አሥራ ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆን አለባቸው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 4.11 ሜትር ስለሆነ በ1፡72 57 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አንድ በአንድ ቆርጦ ማመሳሰል አይቻልም። ሲም ካርዱ የተገነጠለበትን ትልቁን ካርድ አሥራ ሁለት ቦታ በረዥሙ ቁረጡ። ደርቡት። ሁለት ስፒል አሳልፋችሁ አንድ ጥቅል አድርጉት፤ ሞርሳ ላይ አስራችሁ እንደ አንድ ቁራጭ በሞረድ ቅረጹት። ሲፈታ አሥራ ሁለት መንትያ ይወጣል። የስፒሉ ቀዳዳ ከምላሱ ቅርጽ ውጭ መዋሉን አስቀድማችሁ እዩ፤ እኔ አንዴ መሃሉን በስቼ ሁሉንም ጥያለሁ።

ከዚያ ማሳሳት። ካርዱ እንዳለ 5 ሴንቲ ተኩል የሚወፍር ምላስ ማለት ነው። ጣታችሁ ላይ አስተኝታችሁ ጠርዙን በ800 ወረቀት ፋቁ፤ መሃሉ ትንሽ ይወፍር፣ ጫፉ ብርሃን እስኪያሳልፍ ይሳሳ።

ቀጥሎ መጠምዘዝ። ምላሱ ሥሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ጫፍ እየተኛ ይሄዳል። የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ በሁለት ፒንሳ ታጠምዙታላችሁ። አንዳንዱ ካርድ እሺ ብሎ ይለሰልሳል፤ አንዳንዱ ግን አሻፈረኝ ይላል። ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ጠንከር ላለው ፕላስቲክ አይበቃም። ለሱ ከሻማ ነበልባል ራቅ አድርጎ ማሞቅ ነው። ሁሉንም ወደ አንድ ጎን አጠምዙ፤ ሁለቱም ሞተሮች የሚዞሩት በአንድ አቅጣጫ ነው። እኔ ግራና ቀኝ ይለያያል ብዬ ስድስቱን ገልብጬ ነበር። ማንም አላወቀብኝም። እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ያሳክከኛል።

ስድስቱን ለማሰለፍ ፕሮትራክተር አያስፈልግም። በኮምፓስ ክብ ሣሉ። ኮምፓሱን ሳትነኩ በክቡ ዙሪያ ስትራመዱበት ልክ ስድስት ጊዜ ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። አውሮፕላኑ ቆሞ ሞተሩ ከጠፋ ምላሶቹ ጠርዛቸውን ወደፊት አዙረው ነው የሚቆሙት። ከፊት ሲታዩ ቀጫጭን እንጨት ይመስላሉ። ጎማውን አውጥታችሁ ቆሞ የሚያሳይ ሞዴል ከሆነ እንደዚያ አድርጉት። ኤርፖርት ዘመድ ሊሸኝ የሄደ ሰው ሁሉ አይቶታል፤ ልብ ያለው ጥቂት ነው እንጂ።

አንቴናና ሌላ ቀጫጭን ነገር በምን ይሠራል?

የሲ-47 የአንቴና ሽቦ ለመሥራት ክር አትጠቀሙ። ክር ጸጉር ያወጣል። ሹሩባ የሚሠሩ ሴቶች የሚጨምሩትን ሰው ሠራሽ ጸጉር አንድ ዘለላ ለምኑ። ቀጭን ነው፣ ጥቁር ነው፣ አይበጠስም። ሁለቱን ጫፍ ከለጠፋችሁ በኋላ ከላላ ሰንደል ለኩሱና ፍሙን ሳታስነኩ አጠገቡ አሳልፉት። ራሱ ተኮማትሮ ይወጠራል። ፍሙ ከነካው ተበጥሶ ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

የአየር ፍጥነት መለኪያዋን ቱቦ ከቀጭኑ የመርፌ ጫፍ እሠራለሁ። ክፍት ቀዳዳዋ በእውነት ክፍት ሆና ስትታይ ሰው ይገረማል። ሹል ጫፏን ግን በሞረድ አጥፉት፤ ደም ያፈሰሰ ሞዴል አለኝ።

የቆርቆሮውን መስመርና ብሎኑን ሁሉ ላሳይ?

መስመሩን አዎ፣ በቀጭኑ። ስኮች ሦስት አራት ጊዜ ደርባችሁ እንደ ማስመሪያ ተጠቀሙ፤ በስፒል ጫፍ ሳትጫኑ ደጋግማችሁ አስምሩ። ብሎኑን ተዉት። 5 ሚሊ ሜትር የሆነ የብሎን ራስ በ1፡72 ከአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ በታች ነው፤ በዓይን አይታይም። በመርፌ ሺህ ቀዳዳ የወጋ ሰው የፈንጣጣ በሽተኛ ነው የሠራው። ይህን ስል የሚቆጡኝ አሉ። ይቆጡ።

ቀለሙ ለምን ነጭ ጉም ይለብስብኛል?

መቼ ቀባችሁ? ሐምሌ ከሆነ መልሱ እሱ ነው። ቲነር ሲተን ሞዴሉን ያቀዘቅዘዋል። አየሩ እርጥብ ስለሆነ ጤዛ ቀለሙ ላይ ያርፋል፤ አብሮ ይደርቅና ይነጣል። ክረምት ላይ ከሐይቁ ዳር ቫርኒሽ መንፋት ከዕድል ጋር መጫወት ነው። እኔ ክረምቱን ለቅርጻ ቅርጽ፣ ከጥቅምት በኋላ ያለውን ለቀለም አድርጌዋለሁ። የነጣውን በደረቅ ቀን ቲነር ብቻ ስስ አድርጋችሁ ብትነፉበት ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

በጋ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ ሞዴሉ ላይ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይደርቅና አሸዋ ይመስላል። ቀረብ ብላችሁ ንፉ፣ ትንሽ ቲነር ጨምሩ። ማታ በመብራት አትቀቡ። የሐይቁ ትንኝ መብራቱን ፈልጋ መጥታ እርጥብ ክንፍ ላይ ነው የምታርፈው። አንዷ እስካሁን የሲ-47ቴ ግራ ክንፍ ላይ አለች፣ በብር ቀለም ተለብጣ።

ኤርብራሽ (ቀለም የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ) ኖሮት ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው «ጎሚስታ ጋ እንሂድ» ይላል። ሄጃለሁ። ልጁ ደግ ነበር፣ ሳንቲምም አልተቀበለኝ። ግን ጋኑ ውስጥ ውሃ ተጠራቅሞ ኖሮ መሃል ላይ ትፍ ትፍ አለ፤ የሦስት ሳምንት ሥራ ኩፍኝ አወጣ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ጎማ ውሃን አይጠላም፣ ቀለም ነው የሚጠላው። ከሄዳችሁ መጀመሪያ ጋኑን ከሥር አስተንፍሱ፣ ማጣሪያ ግጠሙ፣ ግፊቱን ወደ 1 ወይ 1.5 ባር አውርዱ።

የጋራዥ ቲነር አንዳንድ ፕላስቲክ ያቀልጣል። ቁርጥራጭ ላይ ሳትሞክሩ አትንፉ። ቲነርና ከሰል ምድጃ ደግሞ አንድ ክፍል ውስጥ አይዋሉ፤ ይኼ ቀልድ የለውም።

ያልተቀባ አሉሚኒየም እንዴት ይመስላል?

በአሉሚኒየም። የወጥ ቤት ፎይል። ኮላውን በውሃ አቅጥናችሁ በቀጭኑ ቀቡ፣ ፎይሉን በየመስመሩ ቆርጣችሁ ለጥፉ፣ በጥጥ እሹት። እውነተኛው አውሮፕላን ላይ አንዱ ቆርቆሮ ከአጠገቡ ይደበዝዛል። ለዚህ ከፎይሉ ግማሹን ውሃ ውስጥ ቀቅሉት፤ ይደበዝዛል። እናቴ ድስት ከድኜ ምን እንደምቀቅል ስትጠይቀኝ «አውሮፕላን» አልኳት። ክዳኑን ከፍታ አይታ ዝም ብላ ሄደች።

የጅራቱን ሦስት ቀለምና ጽሑፉን በምን ታደርጋለህ?

በውሃ የሚለጠፈው ወረቀት አይገኝም። ባጃጅ ላይ ጥቅስ የሚጽፉት ስቲከር ቤቶች ግን አሉ። ማሽናቸው ፊደል ይቆርጣል። ስቲከሩን እንዳለ አትለጥፉት፤ ውፍረቱ ያስታውቃል። የተቆረጠውን ፊደል ነቅላችሁ ባዶውን እንደ መከለያ ተጠቀሙና በቀዳዳው ቀለም ንፉ። የET ምልክቱ፣ የኢትዮጵያ አውሮፕላኖች መለያ፣ እንዲህ ነው የተጻፈው። ከ4 ሚሊ ሜትር ያነሰ ፊደል ሲቆረጥ ይቀደዳል፤ የሚቆርጠው ልጅም ያኮርፋል።

ለጅራቱ ከፈዛዛው ጀምሩ፦ ቢጫ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። መከለያውን ከለጠፋችሁ በኋላ መጀመሪያ ከሥር ያለውን ያንኑ ቀለም በስሱ ንፉ። የሚሾልክ ካለ እሱ ሾልኮ ቀዳዳውን ይደፍናል፤ አዲሱ ቀለም ንጹሕ መስመር ይሠራል።

ጅራቱ ላይ ቁጭ ይላል፣ አፍንጫው ተነሳ። ምን ላድርግ?

አፍንጫው ውስጥ ክብደት ሳታስገቡ ዘግታችሁታል ማለት ነው። ዓሣ አጥማጆች መንጠቆ ላይ የሚያስሩት እርሳስ ለዚህ ልክ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት በፕላስተር አስራችሁ ሚዛኑን ሞክሩ። ከነካችሁት በኋላ እጅ ታጠቡ፣ ለልጅ አትስጡ። ሲ-47 ግን ጅራቱ ላይ የሚቀመጥ ነውና እሱን ተዉት።

አቧራው እንዴት ይጠረጋል?

በለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ፣ ከፊት ወደ ኋላ። በጨርቅ አይሆንም። እህቴ ለፋሲካ ቤት ስታጸዳ ሲ-47ቱን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለችልኝ፤ ጥሩ አድርጋ። አንቴናው ከጨርቁ ጋር ሄደ። አሁን ትርፍ ጸጉር በክብሪት ቀፎ አስቀምጬ ከሞዴሉ ሥር አድርጌዋለሁ። ጸጉሩንም የሰጠችኝ እሷው ናት።